እቅፍ የለመደ ሕፃን አልተበላሸም፦ ስለ ሕፃናት የሌሊት እንቅልፍ ለወጣ ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት ልጇን የሦስት ወር ተኩል ክትባት ልታስከትብ የመጣች እናት፣ ሕፃኑ ከመርፌው በኋላ ጡት ይዞ ጸጥ ሲል፣ በቀረው እጇ ስልኳን አቀበለችኝ። «ሲስተር፣ እስቲ ይህን አንብቢውና ጥፋቱ የእኔ መሆን አለመሆኑን ንገሪኝ» አለች። የሹራቧን ቁልፍ አዛንፋ ቆልፋለች፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሥራ ከገባች ስምንት ቀኗ ነው። ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁ እናቶች ስለነበሩ እዚያው ቆሜ በጥድፊያ አነበብኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ደግሞ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ጤነኛ ሕፃን በሦስት ወሩ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት አለበት፤ ካልተኛ እናቱ እቅፍና ጡት አስለምዳ አበላሽታዋለች። መፍትሔው በር ዘግቶ አልቅሶ እስኪደክመው መተው፣ ማታ ማታ አጥሚት ወይም የጣሳ ወተት አጥግቦ ማስተኛት፣ በሆዱ አስተኝቶ ለስላሳ ትራስ ማድረግ፣ «በጣም ካስቸገረ» የጉንፋን ሽሮፕ ማቅመስ፣ በመጨረሻም ከእናቱ ክፍል አውጥቶ ሞቅ ባለ ክፍል ብቻውን ማስለመድ ነው። ጸሐፊው ይህን የጻፉት እናቶችን ለማሳረፍ ብለው እንደሆነ አልጠራጠርም። የእናቶች ድካም ተሰምቷቸዋል፤ ያንን አከብራለሁ። ነገር ግን ከምክሮቹ መካከል ሕፃን ሊገድሉ የሚችሉ አሉ፤ የቀሩት ደግሞ ምንም ያላጠፋችን እናት በደለኛ ያደርጋሉ። ስለዚህ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

የምስማማበትን ላስቀድም። ጸሐፊው ማታ መብራት ይደብዝዝ፣ ቴሌቪዥን ይዘጋ፣ ሕፃኑ በየዕለቱ በተቀራራቢ ሰዓት ልብሱ ተቀይሮ ይተኛ፣ ቀን ላይ መጋረጃው ይከፈት ብለዋል። ልክ ናቸው። ሕፃን ሲወለድ ቀንና ሌሊትን አይለይም፤ ለማታ እንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ሜላቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሰውነቱ በሥርዓት ማመንጨት የሚጀምረው ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ወር ሲደርስ ነው። የጠዋት ብርሃንና የማታ ጨለማ ያንን የሰውነት ሰዓት ለማስተካከል ያግዛሉ። ሌሊት ሲያጠቡም ሆነ ዳይፐር ሲቀይሩ ደማቅ መብራት ሳያበሩ፣ ሳያጫውቱ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ጨርሶ መልሶ ማስተኛት እንዲሁ ይጠቅማል። ከዚህ በኋላ ግን መንገዳችን ይለያያል።

«ጤነኛ ሕፃን በሦስት ወሩ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል» የሚለው ነጥብ ሌሎቹን ሁሉ የተሸከመ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ1957 ሙር እና ኡኮ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የለንደን ሕፃናት ሌሊት እንዴት እንደሚነቁ አጥንተው ነበር። ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት በሦስት ወራቸው ሌሊቱን መተኛት እንደጀመሩ ጽፈዋል። ታዲያ «ሌሊት» ያሉት የቱን ነው? ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ያለውን። አምስት ሰዓት ማለት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት የተኛ፣ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነቅቶ የጠባ፣ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ደግሞ ያለቀሰ ሕፃን በዚያ መለኪያ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቷል። እናቱ ግን «ሌሊቱን ሙሉ» ሲባል የሚታያት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ነው። በዚያው ጥናት ከአሥር ሕፃናት አንዱ ያንን አምስት ሰዓት እንኳን በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ አልተኛም።

ቀረብ ያለውን እንይ። የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ በጊዜያቸው ከተወለዱ ጤነኛ ሕፃናት መካከል በስድስት ወራቸው 38 በመቶው ስድስት ሰዓት ያለማቋረጥ አይተኙም ነበር፤ ስምንት ሰዓት የማይተኙት 57 በመቶ ነበሩ። አንድ ዓመት ሲሞላቸውም ስምንት ሰዓት ያለማቋረጥ የማይተኙት 43 በመቶ ነበሩ። የሚነቁትና የማይነቁት በእድገታቸው አልተለያዩም። እንግዲህ በስድስት ወራቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማያደርጉትን ነገር የሦስት ወር ሕፃን ካላደረገ ታሟል ወይም ተበላሽቷል የምንለው በምን መለኪያ ነው?

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የእኛ የአዋቂዎች እንቅልፍ አንድ ዙር ወደ 90 ደቂቃ ይወስዳል፤ የሕፃኑ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ነው። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ሲሻገር ይባንናል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ደግሞ ከእንቅልፉ ግማሽ የሚሆነውን የሚያሳልፈው ዓይኑ ከቆቡ ሥር በሚንቀሳቀስበት፣ በሚያቃስትበት፣ ፊቱን በሚያጨማድድበት ቀላል እንቅልፍ ነው። ብዙ እናቶች ይህን ሲሰሙ ነቃ ብለው ያነሡታል፤ እነርሱው ይቀሰቅሱታል። ስለዚህ እኔ የምመክረው፣ ልጁ ማቃሰት ሲጀምር እጅን ደረቱ ላይ አሳርፎ ጥቂት መጠበቅ ነው። አንዳንዴ ተመልሶ ይተኛል። ካለቀሰ ይነሣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ እስከ ሦስት ወር ያለ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት፣ ከ4 እስከ 11 ወር ያለው ደግሞ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት እንደሚያስፈልገው ይናገራል። ይህ ግን የቀኑንም እንቅልፍ የሚጨምር ድምር ነው። መመሪያው ሌሊት ሳይነቃ ይተኛ አላለም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ «እቅፍ አስለምዳ አበላሽታዋለች» ወደሚለው። ይህን የሚሉት ጸሐፊው ብቻ አይደሉም። አክስትም፣ ጎረቤትም፣ የሥራ ባልደረባም «እቅፍ ለምዶብሽ ነው» ይላል። እናቲቱም በልጇ ለቅሶ ላይ የራሷን ጥፋት ትጨምርበታለች። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞንትሪያል የተደረገ ጥናት ሕፃናትን ባላለቀሱበት ሰዓት ጭምር በቀን ቢያንስ ሦስት ሰዓት አብዝተው እንዲያቅፏቸው ለአንዳንድ እናቶች ነገራቸው። በስድስተኛው ሳምንት የእነዚያ ልጆች ለቅሶ ካልተነገራቸው እናቶች ልጆች በ43 በመቶ አንሶ ተገኘ። ማታ ማታ ደግሞ በግማሽ ያህል። ስለዚህ መታቀፍ ልጁን ሲያረጋጋው እንጂ አልቃሻ ሲያደርገው አልታየም።

እናቴ የመጀመሪያ ልጄን አዝላ ሳሎኑን አምስት ስድስት ጊዜ ትዞርና እንቅልፍ ሲወስደው ታወርደዋለች። ወዲያው አልጋ ላይ ግን አታስተኛውም ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ደረቷ ላይ ታስደግፈውና «ገና ነው፤ አንገቱ ይላላ» ትለኛለች። እኔ ቸኩዬ ሳስተኛው ጀርባው ፍራሽ ሲነካ ዓይኑን ይገልጥ ነበር፤ እርሷ ስታስተኛው አይነቃም። እ.ኤ.አ. በ2022 በጃፓን ሪከን የተባለው የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ያሳተሙትን ባነብ ያው የእናቴ ነገር ሆኖ አገኘሁት። የሚያለቅስን ሕፃን ይዞ ለአምስት ደቂቃ ሳያቋርጡ በእርጋታ መራመድ ብዙዎቹን ያስተኛል፤ ከተኛ በኋላ ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይዞ ተቀምጦ ከዚያ ማስተኛት፣ ሲያወርዱት እንዳይነቃ ያግዛል። ዛሬ ማታ ልትሞክሩት የምትችሉት፣ ምንም የማያስወጣ ነገር ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው ልስጥ። ከስድስት ወር በኋላ፣ ጡት አፉ ውስጥ ካልገባ በቀር በምንም መንገድ የማይተኛ ልጅ በእያንዳንዱ ዙር መጋጠሚያ ያንኑ መፈለጉ አይቀርም። ለዚህ የሚሆነው ግን ጥቃቅን ለውጥ ነው፤ ማታ ማታ ጠብቶ ሲያበቃ ገና ዓይኑ ሳይከደን አልጋው ላይ አስተኝቶ እጅን ደረቱ ላይ አድርጎ እሹሩሩ ማለት፤ ካልሆነለት አንሥቶ ነገ እንደገና መሞከር። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

«በር ዘግቶ አልቅሶ እስኪደክመው መተው» የሚለውን በተመለከተ፣ በተቃራኒው ወገን ያሉ ሰዎች የሚሉትንም አልልም። ማልቀስ የልጁን አእምሮ ይጎዳል ብዬ አላስፈራራም። አሜሪካዊው ሐኪም ሪቻርድ ፈርበር እ.ኤ.አ. በ1985 ያስተዋወቁት ዘዴ፣ በየጥቂት ደቂቃው እየገቡ እያረጋጉ የመግቢያውን ጊዜ ቀስ በቀስ የማራዘም ዘዴ፣ በጥናት ተፈትሿል። አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ይህን የተጠቀሙ ቤተሰቦችን አንድ ዓመት ተከታትሎ በልጆቹ ጠባይም ሆነ ከወላጅ ጋር ባላቸው ትስስር ላይ ጉዳት አላገኘም። እንቅልፋቸውም ተሻሽሎ ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ነገር ግን ጸሐፊው ያላሉት ሁለት ነገር አለ። በዚያ ጥናት የነበሩት ልጆች ከ6 እስከ 16 ወር የሞላቸው እንጂ የሦስት ወር አልነበሩም። ሁለተኛም፣ ዘዴው በየጥቂት ደቂቃው እየተገባ የሚደረግ ነው፤ በር ዘግቶ እስከ ንጋት መተው አይደለም። የሦስት ወር ሕፃን ሌሊት የሚያለቅሰው ስለራበው፣ ስለቆሸሸ፣ ስለበረደው፣ ስለታመመ ወይም ሰው ስለፈለገ ነው፤ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ሳያጣሩ በር መዝጋት አደገኛ ነው። በእኛ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ የልጁን ለቅሶ ጎረቤቱ ሁሉ ስለሚሰማው፣ ይህን ምክር የሞከሩ እናቶች ልጁ ሲያለቅስ እነርሱም በር ሥር ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ እንዳደሩ ነግረውኛል። ማን ዐረፈ?

አሁን ስለ አጥሚቱ። «ሆዱ ከጠገበ ሌሊቱን ይተኛል» የሚለው ሐሳብ እውነት ስለሚመስል ነው ብዙ ሰው የሚቀበለው። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ ከ100 በላይ ሕፃናትን ይዞ ይህንኑ የፈተነ ጥናት ነበር። አንዳንዶቹ ገና በአምስተኛው ሳምንታቸው፣ ሌሎቹ በአራተኛው ወራቸው ማታ የእህል ምግብ ተጀመረላቸው። በእንቅልፋቸው ልዩነት አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ትልቅ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ከሦስት ወር ጀምሮ ምግብ የጀመሩት ልጆች ጥቂት ረዘም ያለ እንቅልፍ አግኝተዋል አለ፤ ልዩነቱ በስድስት ወራቸው በሌሊት ወደ 17 ደቂቃ ነበር። ለ17 ደቂቃ ብላ አንዲት የአዲስ አበባ እናት የምትከፍለውን ዋጋ እንቁጠር።

የሦስት ወር ሕፃን አንጀት ለአጥሚት አልተዘጋጀም። ጡጦ ውስጥ የተቀጠነ አጥሚት ሲገባ የሕፃኑ ሆድ በውኃና በስታርች ይሞላል፤ የጡት ወተት ቦታ ያጣል። ጡጦው በደንብ ካልተቀቀለ፣ ውኃው ካልፈላ፣ ከማታ የተረፈው ጠዋት ከተሰጠ ተቅማጥ ይመጣል። ወደ እኛ የሚመጡትን ከስድስት ወር በታች ያሉ ተቅማጥ የያዛቸውን ሕፃናት እናቶች ስጠይቅ በጣም ብዙ ጊዜ የማገኘው ጡጦን ነው። የጣሳ ወተት በውድ የሚገዛ በመሆኑ ደግሞ እንዲበቃ ተብሎ ውኃ ይበዛበታል፤ ልጁ ጠግቦ የተኛ ይመስላል፣ ክብደቱ ግን በካርዱ ላይ ወደ ታች ይወርዳል። የላም ወተትማ አንድ ዓመት ሳይሞላው የጡት ወተት ምትክ መሆን የለበትም። እስከ ስድስት ወር የጡት ወተት ብቻ፣ ውኃ እንኳን ሳይጨመር፣ የምንለው ለዚህ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶው ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። ይህ በእናቶች ትጋት የተገኘ ነው፤ ለ17 ደቂቃ ብለን አንጣለው።

ሌላም አለ፤ ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት። ወተት የሚያመነጨው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ከቀን ይልቅ ሌሊት ከፍ ይላል። የሌሊቱን ጡት በሦስት ወር ያቋረጠች እናት ከጥቂት ሳምንት በኋላ «ወተቴ ቀነሰ» ብላ ትመጣለች፤ ከዚያ የጣሳ ወተት ግድ ይሆናል። ብዙ እናቶቻችን ደግሞ ጡት በማጥባት እርግዝናን ለመከላከል ይተማመናሉ። ይህ ዘዴ በትክክል ይሠራል፤ ሦስት ሁኔታዎች ሲሟሉ ግን ብቻ፦ ሕፃኑ ከስድስት ወር በታች ሲሆን፣ የወር አበባ ሳይመለስ፣ ልጁም ጡት ብቻ እየጠባ፣ ጠብቶ እንደገና እስኪጠባ ያለው ጊዜ ቀን ከአራት ሰዓት፣ ሌሊት ከስድስት ሰዓት ሳይበልጥ። የሦስት ወር ልጇን ማታ አጥሚት አጥግባ ለአሥር ሰዓት ያህል ያስተኛች እናት ይህን መከላከያ ሳታውቀው አጥታለች። ጽሑፉ አሳርፋታለሁ ያላት እናት ሳታስበው እንደገና ልታረግዝ ትችላለች።

«በሆዱ አስተኝቶ ለስላሳ ትራስ ማድረግ» የሚለውን ስደርስ እጄ ተንቀጠቀጠ። እውነት ነው፣ በሆዱ የተኛ ሕፃን ጠለቅ ብሎ ይተኛል፤ በቀላሉ አይነቃም። አደጋውም እዚያው ላይ ነው፤ አየር ሲያጥረው መንቃት ያለበት ሕፃን አይነቃም። በበለጸጉት አገሮች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወላጆች ልጆቻቸውን በሆድ ያስተኙ ነበር፤ ጤነኛ ሕፃናት በእንቅልፋቸው ሞተው ይገኙ ነበር። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በአሜሪካ በ1994 ሕፃናት በጀርባ ይተኙ የሚል ዘመቻ ተጀመረ፤ በአሜሪካ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ይህ ድንገተኛ ሞት በግማሽ ያህል ቀነሰ። መድኃኒት አልተፈለሰፈም፤ ልጆቹ ተገለበጡ እንጂ።

እናቶች «በጀርባው ካስተኛሁት ሲያስመልሰው ትን ይለዋል» ይሉኛል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ነገር ግን ልጁ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን ያቀረሸው ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት፤ በሆዱ ሲተኛ ነው መንገዱ ቁልቁል የሚሆነው። «ጭንቅላቱ ይጠፈጠፋል» ለሚሉም፣ ነቅቶ ሰው እያየው በሆዱ ይጫወት፤ አንገቱም ይጠነክራል። ሲተኛ ግን በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ከባድ ብርድ ልብስ። የሚጠቀለልም ከሆነ ደረቱ ላይ ላላ ብሎ ይጠቅለል፤ መገልበጥ ሲጀምር መጠቅለሉ ይቁም።

ስለ ሽሮፑ በአጭሩ። ሕፃን ለማስተኛት ተብሎ መድኃኒት አይሰጥም። ከሚያስተኙት የአለርጂና የጉንፋን ሽሮፖች አንዱ የሆነው ፕሮሜታዚን ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይሰጥ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 በጥብቅ ያስጠነቀቀው ትንፋሽ አስቁሞ ልጆችን ስለገደለ ነው። ዳይፌንሃይድራሚን የተባለውን ሌላ ሽሮፕ በ44 ሕፃናት ላይ የሞከረ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲታተም መድኃኒቱ ከባዶ ሽሮፕ የተሻለ ሥራ እንዳልሠራ አሳይቶ ነበር፤ ሙከራው በዚሁ ምክንያት ሳይጠናቀቅ ቆሟል። ለማያስተኛ ነገር የልጅን ትንፋሽ አደጋ ላይ መጣል ነው። ይህን ምክር በጽሑፍ ማውጣት ተገቢ አልነበረም።

የመጨረሻው ነጥባቸው ከእናት ጋር ማደር ኋላ ቀርነት ነው፣ ልጁ ለብቻው ክፍል ይሰጠው የሚል ነው። ብዙው ሰው በአንድ ክፍል ቤት በሚኖርበት ከተማ ይህ ምክር ለማን እንደተጻፈ አላውቅም። ለባለ ሦስት ክፍሉም ቢሆን ልክ አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ራሱ የሚለው ሕፃኑ ቢያንስ እስከ ስድስት ወሩ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ በራሱ መኝታ ላይ ይደር ነው። አንድ ክፍል ያላት እናት እንግዲህ የምክሩን ግማሽ ሳታውቀው ፈጽማለች። የቀረው መኝታው ነው። ከእናቱ አልጋ አጠገብ ጠንካራ ፍራሽ ያለው ትንሽ አልጋ ወይም መሬት ላይ ንጹሕ ጠፍጣፋ ፍራሽ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ወባ ባለበት አካባቢ አጎበሩ ሁለቱንም ይሸፍን።

አንድ አልጋ ላይ መተኛት አደጋ እንዳለው አልሸሽግም፤ ግን «አታድርጊው» ብቻ ማለት ሌላ መኝታ የሌላትን እናት ምንም አይረዳም። ስለዚህ አብሯት ካደረ ትራሱንና ጋቢውን ከልጁ ፊት ታርቅ፣ ከግድግዳና ከፍራሹ መካከል ክፍተት አይኑር፣ በትልልቅ ልጆች መሐል አይተኛ፣ ጠጥቶ ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት ወስዶ ከሚተኛ ሰው አጠገብ ፈጽሞ አይደር። ሲጋራ የሚያጨስም እንዲሁ። ያለ ጊዜው ወይም ከሁለት ኪሎ ተኩል በታች ሆኖ የተወለደ ሕፃን አንድ አልጋ ላይ ጨርሶ አይደር። ከሁሉ የባሰው ሶፋ ላይ አቅፎ ማንቀላፋት ነው፤ ደክሟት ሶፋ ላይ ከምታጠባ እናት ይልቅ አልጋ ላይ ጋደም ብላ የምታጠባዋ ልጅ ከአደጋ ይርቃል።

«ሞቅ ባለ ክፍል» ያሉትን ደግሞ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በእኛ አገር ክፍል ማሞቅ ማለት ብዙ ጊዜ የከሰል ምድጃ ማስገባት ነው። ጢሱ ካለቀለት ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ አይታይም፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ክረምት በገባ ቁጥር አራስና ሕፃን እንዲህ አጥተናል። ከሰል ሰው ወደሚተኛበት ክፍል አይግባ፤ ለልጁ አንድ ልብስ መደረብ ይበቃል። አብዝቶ መጀቦንም ጥሩ አይደለም፤ ማጅራቱን ዳስሰው ካላበው ልብስ ይቀነስለት።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ወደ እናቲቱ ልመለስ፤ ጽሑፉ ከጀመረበት ወደ ድካሟ። «በሦስት ወሩ» የሚለው ቃል ለምን ልቧን እንደያዘው ሳስብ ያገኘሁት መልስ የቀን መቁጠሪያዋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ይሰጣታል። ዘጠና ቀን ሲያልቅ ጠዋት 2 ሰዓት ሥራ ቦታዋ መገኘት አለባት። ልጇ ግን የሥራ ሰዓቷን አያውቅም። አባትየው በዚያው አዋጅ የሚያገኘው ሦስት ቀን ነው። ቀድሞ አራስ ቤት የምትገባው እናት ዙሪያዋን እናቷ፣ እህቷ፣ ጎረቤቷ ነበሩ፤ ገንፎው የሚገነፋው፣ ልጁም ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጋገረው ሌላ ሰው ነበረ። አሁን ያ ሰው ሁሉ በሌለበት የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሌሊቱን ብቻዋን የምትሸከመውን ሴት ነው «አበላሽተሽዋል» ያሏት።

ስለዚህ «ሌሊት ማን ይነሣል?» ብዬ ጠየቅኋት። «እኔ ነኛ፤ እርሱ ጠዋት ሥራ አለው» አለች። እርሷም ሥራ አላት። አባት ጡት ማጥባት አይችልም፤ የቀረውን ሁሉ ግን ይችላል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጠብቶ ሲያበቃ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ ልጁን እርሱ ይያዘው፤ ዳይፐር ይቀይር፣ ያስገሳው፣ ይዞ ይራመድ፤ እናቲቱ በር ዘግታ ትተኛ። በር መዝጋቱ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ቀን የታለበ የጡት ወተት ካለ በንጹሕ ኩባያና ማንኪያ እርሱ ይስጠው። የታለበ ወተት ሙቀት በሌለበት ክፍል ውስጥ እስከ አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። አራት ሰዓት ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ያገኘች እናት ከ6 ሰዓት በኋላ ያሉትን ሁለት ንቃቶች ትችላቸዋለች። አማት ካለች፣ እህት ካለች፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ለሦስት ሰዓት ትውሰደው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። እንቅልፍ ሁሉ የጤና ምልክት አይደለም፤ ጡት እንቢ ያለ፣ ሲቀሰቅሱት በቀላሉ የማይነቃ፣ ትንፋሹ የፈጠነ፣ ያተኮሰ ወይም የተንቀጠቀጠ ሕፃን ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። እናቲቱም ልጁ ተኝቶ እርሷ እንቅልፍ እንቢ ካላት፣ ቀኑን ሙሉ ካስለቀሳት፣ ራሷን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ትምጣ፤ ይታከማል። ለዚህ የሚያፍር ማንም የለም።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናለሁ። ስለ እቅፍና ስለ ለቅሶ ያለንን ልዩነት ልንከራከርበት እንችላለን፤ ጊዜ አለን። በሆድ ማስተኛትን የሚመክረውንና ሽሮፕ ማቅመስን የሚፈቅደውን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያንሡልን። ያቺ እናት ጽሑፉን ስልኳ ላይ አስቀምጣዋለች፤ አንድ ሌሊት ከ9 ሰዓት ላይ ደክሟት እንደገና ስትከፍተው እነዚያን ሁለት አንቀጾች እንዳታገኛቸው።